ቀጥ ያለ ኮምፒውተርን ሳይነኩት ዳግም ማስነሳት

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛችሁ ላይ ሆኖ ቀጥ ካለ፣ ማለትም ደርቆ አልታዘዝ ካለ፣ ብዙ መላ አይፈልግም፤ የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ ትቆያላችሁ፣ ይጠፋል፣ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ። ሌላ ፎቅ ላይ፣ ሌላ ከተማ ወይም የሰርቨር ማዕከል ውስጥ ሲሆን ግን ጥያቄው ሁለት ይሆናል። አንደኛው «እንዴት ላጥፋው?» ነው። ሁለተኛው «ካጠፋሁት በኋላ ይነሳልኛል ወይ?» ነው። አብዛኛው ሰው በችኮላ የመጀመሪያውን ብቻ ያስብና እየተንገዳገደም ቢሆን ሲሠራ የነበረን ማሽን ጭራሽ የማይገኝ ያደርገዋል። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል የተሰደረው ለሁለተኛው ጥያቄ ሲባል ነው። ከለዘብተኛው መንገድ ተነስቶ ወደ ኃይለኛው ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክ መቁረጥ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ትእዛዞቹን ጮክ ተብለው እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ነው።

በእርግጥ ደርቋል?

«ደርቋል» ከሚባሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አልደረቁም። የቆመው የርቀት ስክሪኑ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ወይም የእናንተው ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ እነዚህን አጣሩ።

1. ከእናንተ ወገን ያለውን ችግር አስወጡ። በዚያው ቦታ ያለ ሌላ ማሽን፣ ፕሪንተር ወይም ራውተር ጋ መድረስ ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው፤ ቪፒኤኑ (ወደዚያ ኔትወርክ የሚያስገባችሁ የግል መስመር) ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን አትንኩት።

2. በሌላ በር አንኳኩ። እንደ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ያለው የርቀት ስክሪን ፕሮግራም እምቢ ካለ የዊንዶውስን ሪሞት ዴስክቶፕ ሞክሩ፤ እሱም ካልሆነ በኤስኤስኤች (በጽሑፍ ትእዛዝ ከርቀት በሚያሠራው መንገድ) ግቡ፤ ያም ካልሆነ ማሽኑ ላይ ያለ የተጋራ ፎልደር ክፈቱ። አንዱ እንኳ ከመለሰ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሕይወት አለ፤ በሶፍትዌር መንገድ ሪስታርት የማድረግ ዕድላችሁም ሰፊ ነው።

3. ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ላኩ፤ መልሱን ግን በጥንቃቄ ተርጉሙት። ለፒንግ የሚመልሰው የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። ከላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ቆሞ እንኳ ፒንግ ሊመልስ ይችላል። በተቃራኒው የዊንዶውስ ፋየርዎል ብዙ ጊዜ ፒንግን ስለሚዘጋ ዝምታው የሞት ማስረጃ አይደለም። እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ያለ ሌላ ማሽን ላይ መግባት ከቻላችሁ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ፦ ከዚያ ማሽን ፒንግ አድርጉና ወዲያው «ኤአርፒ -ኤ» ብላችሁ በኔትወርኩ ላይ የታዩትን ማሽኖች ዝርዝር ጠይቁ። የኮምፒውተሩ የአይፒ አድራሻ ከነማክ አድራሻው (ከኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ጋር) አዲስ ሆኖ ከመጣ፣ ፋየርዎሉ ዝም ቢልም ማሽኑ በርቷል፣ ኔትወርኩም ይሠራል ማለት ነው።

4. ጠብቁ። ሜሞሪው ሞልቶ ዲስክ ላይ እየገለበጠ ያለ ማሽን ለደቂቃዎች የሞተ መስሎ ይቆይና ራሱ ይመለሳል። በኤስኤስኤች ስትሞክሩ ፓስወርድ ጠይቆ ከዚያ በኋላ ዝም ካለ ምልክቱ ይኸው ነው፦ ኔትወርኩ አለ፣ ከርነሉ አለ፣ አዲስ ፕሮግራም ለመክፈት ግን ወይ ሜሞሪ ወይ ዲስክ አጥቷል። እንዲህ ሲሆን ገብታችሁ ከመተየብ ይልቅ ትእዛዙን ከግንኙነቱ ጋር አብራችሁ ላኩት። «ኤስኤስኤች» ብላችሁ፣ የተጠቃሚውንና የማሽኑን ስም ጽፋችሁ፣ በዚያው መስመር ላይ ትእዛዙን ታስከትላላችሁ። ሙሉ የተርሚናል ክፍለ ጊዜ ለመክፈት የሚፈጀውን ድካም ይቀንስለታል፤ ብዙ ጊዜም ያልፋል።

ከመጫናችሁ በፊት

እዚህ ላይ አምስት ደቂቃ ማጥፋት ከአምስት ሰዓት ጉዞ ያድናል።

ትክክለኛው ማሽን ላይ መሆናችሁን አረጋግጡ። «ሆስትኔም» የሚለው ትእዛዝ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል፤ ስሙን ይነግራችኋል። አምስት መስኮት ከፍቶ የሚሠራ ሰው አንድ ቀን የተሳሳተው ውስጥ ሪቡት መጻፉ አይቀርም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ «ሞሊ-ጋርድ» የሚባል ትንሽ ጥቅል አለ፤ በኤስኤስኤች ገብቶ ሪቡት የሚል ሰው መጀመሪያ የማሽኑን ስም እንዲጽፍ ያስገድዳል። ጫኑት።

ቀጥሎ ዲስኩ የተመሰጠረ መሆን አለመሆኑን እወቁ። ርቀት ላይ ያለን ሰው በብዛት የሚያስለቅሰው ይህ ነው። የዊንዶውሱ ምስጠራ፣ ቢትሎከር፣ በቲፒኤም (በማሽኑ ውስጥ ባለው የደህንነት ቺፕ) ብቻ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፤ ፒን እንዲጠይቅ ከተደረገ ግን ማንም በሌለበት ክፍል ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቁጥር እየጠበቀ ይቀመጣል። የሊኑክሱ ሉክስም የይለፍ ሐረግ ሳይሰጠው አይነቃነቅም። ሲስተሙ ገና እየመለሰላችሁ ከሆነ ቢትሎከርን ለአንድ ሪስታርት ብቻ ማገድ ትችላላችሁ። በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) «ሰስፔንድ-ቢትሎከር» ይባላል፤ የሪቡት ቁጥሩን 1 ብላችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ከተነሳ በኋላ ጥበቃው በራሱ ይመለሳል። በማክ «ሱዶ ኤፍዲኢሴትአፕ ኦውዝሪስታርት» የሚለው ትእዛዝ (ሱዶ «በአድሚን መብት» ማለት ነው) ፓስወርዱን አስቀድሞ ተቀብሎ የማኩን የዲስክ ምስጠራ፣ ፋይልቮልትን፣ አልፎ ያስነሳዋል። ለሊኑክስ ሰርቨር ደግሞ «ድሮፕቤር» የሚባል ትንሽ የኤስኤስኤች አገልግሎት በማስነሻው ምስል (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ በሚጫነው ፋይል) ውስጥ ቢቀመጥ ዲስኩ ሳይከፈት በፊት ገብታችሁ ሐረጉን መስጠት ትችላላችሁ። ይህ ግን ቀድሞ የሚዘጋጅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አይሆንም።

የምትገቡበት በር ራሱ ከሪስታርት በኋላ ይከፈታል ወይ? ኤኒዴስክ እንደ አገልግሎት ተጭኖ ከሆነ ተጠቃሚው ሳይገባም ይነሳል። ሰውየው ከዳውንሎድ ፎልደሩ ላይ ሁለቴ ነክቶ ያስነሳው ከሆነ ግን ከሪስታርት በኋላ የለም። ተጠቃሚው ከገባ በኋላ በእጁ የሚያገናኘው ቪፒኤንም እንዲሁ ነው። ዋይፋዩ ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ ተቀምጦ ከሆነም ማሽኑ ተነስቶ ኔትወርክ ሳይኖረው ይቀራል።

የተረሳ ፍላሽ ተሰክቶ ይሆን? የቡት ቅደም ተከተሉ ዩኤስቢን የሚያስቀድም ከሆነ፣ ማሽኑ ፍላሹ ላይ ሲስተም ሲፈልግ ይቀራል። እዚያ ያለ ሰው ካለ ጠይቁት።

አፕዴት እየጫነ ያለ ማሽንን ደግሞ በምንም ዓይነት በኃይል አታጥፉ። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ሲጭን ለረጅም ጊዜ ከኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል፤ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ ከተቆረጠበት ችግሩ ከመድረቅ ወደ አለመነሳት ይሸጋገራል።

ዊንዶውስ ሲሆን

በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካያችሁ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድ አብራችሁ ተጫኑ። ኮንትሮል ኦልት ዲሊት የራሳችሁን ኮምፒውተር ነው የሚጠራው፤ በኤንድ የሚጠናቀቀው ግን ወደ ሩቁ ይሄዳል። ሜኑው ከመጣ ወይ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ የተንጠለጠለውን ፕሮግራም ዝጉ፣ ወይ ከታች ቀኝ ጥግ ካለው የፓወር ምልክት ሪስታርት ምረጡ። «ሻትዳውን» የሚለውን ፈጽሞ አትንኩ፤ ርቀት ላይ ያለን ማሽን ማጥፋት ማለት የሚያበራው ሰው መፈለግ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባለው ፈጣን ማስነሻ ምክንያት ሻትዳውን ከርነሉን ከነሁኔታው ዲስክ ላይ አስቀምጦ መልሶ ያነሳዋል። ከአዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ሲባል ነው።

ስክሪኑ ጭራሽ ካልመጣ በዚያው ኔትወርክ ካለ ሌላ የዊንዶውስ ማሽን፣ በአድሚን መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት፣ ይህን ጻፉ፦

«ሻትዳውን /አር /ኤፍ /ቲ 0 /ኤም \\የማሽኑ-ስም»

አር ሪስታርት ነው። ኤፍ የማይዘጉ ፕሮግራሞችን በግድ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ቲ ከሰከንዱ ጋር መቆያ ነው፤ ካልጻፋችሁት 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ኤም የማሽኑን ስም ያስከትላል። ይህን ሁሉ መሸምደድ ካታከታችሁ «ሻትዳውን /አይ» በሉ፤ የምትሞሉት መስኮት ይመጣል።

እምቢ ሲል የሚሰጠው ቁጥር ብዙ ይናገራል። 5 ማለት ማሽኑ ሰምቷችኋል፣ መብት ግን የላችሁም። 53 ማለት ወይ ስሙ አልተገኘም ወይ ፋየርዎሉ መንገዱን ዘግቷል፤ በስም ፋንታ በአይፒ አድራሻው ሞክሩ። 1722 ማለት የርቀት ጥሪውን የሚቀበለው አገልግሎት አይመልስም። 1115 ካያችሁ ደግሞ ማሽኑ ቀድሞውኑ መዝጋት ጀምሮ መሃል ላይ ተይዟል ማለት ነው፤ ትእዛዙን መደጋገም አይረዳም። «ታስክሊስት /ኤስ» ብላችሁ ስሙን ስትሰጡ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ የያዘውን አገልግሎት ካገኛችሁ በ«ታስክኪል» በርቀት ዝጉት፤ መዝጋቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

ቁጥር 5 በዶሜይን (የድርጅት ማሽኖች ከአንድ ማዕከል በሚተዳደሩበት ሥርዓት) ውስጥ ባልሆኑ ማሽኖች ላይ የተለመደ ነው። እዚያ ማሽን ላይ አድሚን ብትሆኑም ዊንዶውስ ከርቀት ስትመጡ የአካባቢ አካውንትን (እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ያለውን) የአድሚን መብት ይገፍፋል። ይህን የሚያነሳ ቅንብር በሬጂስትሪው (በዊንዶውስ የውስጥ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ አለ። እኔ ግን ለተራ ቢሮ አልመክረውም፤ የአንዱ ማሽን ፓስወርድ ከተሰረቀ ለሌሎቹም በር ይከፍታል። ብዙ ማሽን የሚያስተዳድር ሰው ዶሜይን ቢያቋቁምና «ሪስታርት-ኮምፒውተር» የሚለውን የፓወርሼል ትእዛዝ ቢለምድ ይሻለዋል። ይህ ትእዛዝ «ዌይት» የሚል አማራጭ ስላለው ማሽኑ እስኪመለስ ቆሞ ይጠብቅና ተነሳ ይላችኋል።

ሊኑክስና ማክ

በኤስኤስኤች መግባት ከቻላችሁ መነሻው «ሱዶ ሪቡት» ነው። ማክ ላይ «ሱዶ ሻትዳውን -አር ናው»። ግንኙነቱ ወዲያው ቢቋረጥ ጥሩ ምልክት ነው።

የሚያስቸግረው ሪቡት ተብሎ የማይነሳው ሊኑክስ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጠፋ የኔትወርክ ዲስክ ወይም መልስ የማይሰጥ ሃርድ ዲስክ የሚጠብቅ ሂደት ነው። በ«ፒኤስ» የሂደቶች ዝርዝር ላይ ሁኔታው «ዲ» ተብሎ ይታያል፤ በግድ የሚዘጋው ትእዛዝ፣ ኪል ዘጠኝም፣ አይገድለውም። ሲስተሙ ደግሞ ሁሉም ተዘግቶ ዲስኩ እስኪነቀል (ሲስተሙ ዲስኩን በሥርዓት እስኪለቀው) ስለሚጠብቅ ሪቡቱ እዚያው ይንጠለጠላል። አካሄዱ ይህን ይመስላል፦

መጀመሪያ «ሲስተምሲቲኤል ሪቡት --ፎርስ»። አገልግሎቶችን በሥርዓት መዝጋቱን ይተውና ሂደቶቹን ገድሎ፣ ዲስኮቹን ነቅሎ ይነሳል።

ያም ካልሆነ ፎርስ የሚለውን ሁለቴ ጻፉት። ሁለቴ ሲጻፍ ምንም ሳይዘጋ፣ ምንም ሳይነቅል ይነሳል፤ ዲስክ ላይ ያልተጻፈ ነገር ይጠፋል።

ሲስተምሲቲኤል ራሱ መከፈት ካቃተው የከርነሉን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ በቀጥታ መጫን ይቻላል። ቀድሞ ሩት (ሙሉ መብት ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ የገባችሁበት ተርሚናል ካለ፦

«ኤኮ ኤስ > /ፕሮክ/ሲስአርኪው-ትሪገር»

ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃችሁ በኤስ ቦታ ዩ፣ ቀጥሎ ቢ ትልካላችሁ። ኤስ ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ዩ ዲስኮቹን ለንባብ ብቻ ያደርጋቸዋል፤ ቢ በዚያው ቅጽበት ያስነሳል። ቢን ቀድማችሁ ከላካችሁ ሶኬት እንደ መንቀል ነው። ይህ ዘዴ ዲስኩ በሞተበት ሰዓት እንኳ የሚሠራው «ኤኮ» በሼሉ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ስለሆነ ነው፤ ከዲስክ ምንም አይነበብም። «ሱዶ» ግን ከዲስክ መነበብ ያለበት ፕሮግራም ነው። በአስጨናቂ ሰዓት የተከፈተ የሩት ተርሚናልን አትዝጉ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ ሲሞት

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚሠራው ከርነሉ ትንሽም ቢሆን እስከተነፈሰ ድረስ ነው። ሰማያዊ ስክሪን (የዊንዶውስ የብልሽት መልእክት) ላይ ለቆመ ወይም ፒንግም ኤአርፒም ለማይመልስ ማሽን ከሲስተሙ ውጭ የሆነ እጅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያው የክራውድስትራይክ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሲያቆም የታየው ልዩነት ይኸው ነበር። ከሲስተሙ ውጭ የሚደረስበት ማሽን የነበራቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ አስተካከሉ፤ የሌላቸው ከማሽን ማሽን እየዞሩ ቁልፍ ሲነኩ ከረሙ።

ሰርቨር ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሶፍትዌርና ብዙ ጊዜ የራሱ የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ይቀመጣል፤ ቢኤምሲ ይባላል። በዴል አይድራክ፣ በኤችፒኢ አይሎ ይሉታል። ዋናው ሲስተም ቢሞትም ቢጠፋም፣ ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ እሱ ንቁ ነው። በብራውዘር አድራሻውን ከፍታችሁ ስክሪኑን ማየትና ፓወሩን ማዘዝ ትችላላችሁ። በትእዛዝ መስመር ለሚሠራ ሰው «አይፒኤምአይቱል» አለ፤ የትእዛዙ መጨረሻ «ቻሲስ ፓወር» ብሎ ከሚከተሉት አንዱን ያስከትላል፦

- ስታተስ፦ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ሁልጊዜ በዚህ ጀምሩ።
- ሶፍት፦ የፓወር ቁልፉን አንዴ ነክቶ እንደ መልቀቅ ነው፤ ሲስተሙ በሥርዓት እንዲዘጋ ይጠይቃል። የደረቀ ሲስተም አይሰማውም፤ ግን መጠየቅ አይጎዳም።
- ዳያግ፦ ሲስተሙ የመጨረሻ ኑዛዜውን፣ ማለትም ሲወድቅ የነበረበትን ሁኔታ፣ ዲስክ ላይ እንዲጽፍ የሚያስገድድ ምልክት ይልካል። የመድረቁን ምክንያት የምትፈልጉ ከሆነና ሲስተሙ ለዚህ ከተዘጋጀ፣ ከሪሴት በፊት ይህን ላኩ።
- ሪሴት፦ ወዲያው ያስነሳል፤ ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም።
- ሳይክል፦ አጥፍቶ ትንሽ ቆይቶ ያበራል። ሪሴት ያልፈታውን የኔትወርክ ካርድ ወይም የዲስክ ተቆጣጣሪ መንጠልጠል ይህ ሊፈታው ይችላል።

ቢኤምሲን በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ቢኤምሲው የሚታዘዝበት ቋንቋ፣ የአይፒኤምአይ 2.0፣ አሠራሩ ራሱ ችግር አለበት፦ ገና ያልገባ ሰው እንኳ የተጠቃሚውን ፓስወርድ ሃሽ (ተቀይሮ የተደበቀ ቅርጹን) ጠይቆ መውሰድና ቤቱ ቁጭ ብሎ መስበር ይችላል። ከቪፒኤን ጀርባ፣ በራሱ ኔትወርክ ላይ አስቀምጡት።

የቢሮ ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳዩ የኢንቴል ኤኤምቲ ነው፤ ቪፕሮ የሚል ምልክት ባላቸው ማሽኖች ላይ ይገኛል። ሲስተሙ ደርቆም ሪሴት ይቀበላል። ነገር ግን ቀድሞ ካልተዋቀረ የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ቀዳዳ ስለተገኘበት፣ የቆየ ማሽን ላይ ከማብራታችሁ በፊት ፈርምዌሩን (ሃርድዌሩ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር) አድሱ።

ይህ ሁሉ የሌለው ማሽን ላይ ከውጭ ኬቪኤም (ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን ከርቀት የሚሰጥ መሣሪያ) መግጠም ይቻላል። ፓይኬቪኤም የሚባለው በራስበሪ ፓይ የሚሠራ ሳጥን የማሽኑን የኤችዲኤምአይ ስክሪን በብራውዘር ያሳያችኋል፤ ኪቦርድና ማውስ መስሎም ይሰካል። የሚረሳው ነገር የፓወር መቆጣጠሪያው ነው። ከማዘርቦርዱ የፓወርና የሪሴት ፒኖች ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ቦርድ ካልገጠማችሁለት የደረቀውን ማሽን ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ እንጂ አታስነሱትም።

የክላውድ ማሽን ሲሆን ይህ ሁሉ በአቅራቢው ገጽ ላይ ነው። አማዞን ኢሲ2 ላይ «ሪቡት» ስትሉ መጀመሪያ በሥርዓት እንዲነሳ ይጠየቃል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ካልታዘዘ በኃይል ይነሳል። «ስቶፕ» ብሎ «ስታርት» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሃርድዌር ይዛወራል፤ ይህ የታመመ ሃርድዌር ላይ ለወደቀ ጥሩ ነው። ቋሚ አድራሻ ካላያያዛችሁ ግን የውጭ አይፒው ይቀየራል፣ በጊዜያዊው የኢንስታንስ ዲስክ ላይ ያለውም ይጠፋል። ሪቡት ከማለታችሁ በፊት የኮንሶሉን ስክሪን ፎቶ ከዚያው ገጽ ላይ አንሱ፤ ምን ላይ እንደቆመ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሶኬቱን ከርቀት መቁረጥ

ስማርት ፕላግ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፤ ግን ሦስት ነገር ካልተሟላ ወጥመድ ነው። አንደኛ፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲበራ ባዮሱ (ከሲስተሙ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ላይ መቀናበር አለበት። ቅንብሩ ብዙ ጊዜ በፓወር ክፍል ውስጥ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» ወይም ተቀራራቢ ስም ይኖረዋል፤ «ፓወር ኦን» አድርጉት። «ላስት ስቴት» የሚለው መብራቱ ሲቋረጥ የነበረበትን ሁኔታ ይመልሳል፤ ማሽኑ ጠፍቶ በነበረበት ሰዓት ከቆረጣችሁት እንደጠፋ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ፕላጉ ራሱ የሚገናኝበት ራውተር በዚያው ፕላግ ላይ መሰካት የለበትም። ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሁሉን የሚሰካ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል፤ ከዚያ አጥፋ ይላል፣ ራሱም አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ ከሆነ እርሱት፤ ባትሪ አለው።

ከቆረጣችሁ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ መልሱት። በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪያልቅ ማዘርቦርዱ በትክክል አይጠፋም።

ዌክ ኦን ላን (ማሽንን በኔትወርክ በሚላክ መልእክት ማብራት) እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለበት ምክንያት አለው። ብዙ ሰው የደረቀ ማሽን ያስነሳል ብሎ ያምናል፤ አያስነሳም። «አስማተኛው ፓኬት» የሚባለው 102 ባይት ነው፦ ስድስት ባይት ኤፍኤፍ፣ ከዚያ የማሽኑ ማክ አድራሻ 16 ጊዜ ተደጋግሞ። ይህን የሚያዳምጠው የጠፋ ወይም የተኛ ማሽን የኔትወርክ ካርድ ነው። በርቶ ለቀዘቀዘ ማሽን ምንም ትርጉም የለውም። ጥቅሙ ከሌላው ጋር ሲጣመር ነው፦ በስህተት ሻትዳውን የተደረገን ማሽን ለማብራት። ራውተር ስለማያሳልፈው ፓኬቱ እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ካለ ሌላ ማሽን መላክ አለበት።

እዚያ ያለ ሰው ካለ

በስልክ የሚታዘዝ ሰው ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ አነጋገሩን ካወቃችሁበት። «ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው» ሲባል ብዙ ሰው የሞኒተሩን ቁልፍ አጥፍቶ ያበራና «አድርጌያለሁ» ይላል። እናንተ ግን እንዲህ በሉ፦

«ስክሪኑን ተወው። ከታች ያለው ሳጥን ላይ መብራት ታያለህ? ምን ዓይነት ቀለም ነው? ቆሟል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? እሺ፣ ትልቁን ቁልፍ ተጫንና ጣትህን አታንሳ፤ እኔ እቆጥራለሁ።»

አንዴ ነክቶ መልቀቅ ሲስተሙን መጠየቅ ብቻ ነው፤ የደረቀ አይሰማም። በኃይል ለማጥፋት መያዝ ያስፈልጋል፤ ደረጃው ከአራት ሰከንድ ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ላፕቶፕ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ እስከ 10 ቁጠሩ። መብራቱ ሁሉ መጥፋቱን በአፉ ይንገራችሁ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ አንዴ ነክቶ መልቀቅ።

ብዙ ተመሳሳይ ሰርቨር በተደረደረበት ክፍል የተሳሳተውን እንዳያጠፋ ቢኤምሲውን ተጠቀሙ። «ቻሲስ አይደንቲፋይ» የሚለው ትእዛዝ ማሽኑ ፊትና ጀርባ ላይ ያለችውን መለያ መብራት ያበራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ናት። «ሰማያዊ የምትበራውን አንዷን ብቻ» ማለት ከ«ሦስተኛው ረድፍ ከታች አምስተኛው» ይሻላል።

ራሱ እንዲነሳ ማድረግ

ማንም የማይደርስበት ማሽን ላይ ከሁሉም የሚሻለው ዋችዶግ ነው። ሃርድዌሩ ውስጥ ያለ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ሲስተሙ በየጊዜው «አለሁ» እያለ ካላደሰው በራሱ ሪሴት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈው ፓዝፋይንደር ኮምፒውተሩ በፕሮግራም ቅደም ተከተል ስህተት ሲያዝ ደጋግሞ ያስነሳው ይህን የመሰለ ጥበቃ ነበር፤ መሐንዲሶቹም ስህተቱን ምድር ላይ ደግመው አግኝተው ማስተካከያውን ከዚህ ላኩለት።

ሲስተምዲ ባለው ሊኑክስ ላይ በ«ሲስተም.ኮንፍ» ፋይል ውስጥ «ራንታይምዋችዶግሴክ» (RuntimeWatchdogSec፤ ይህ እንዳለ ከነትልልቅ ፊደላቱ ይጻፋል) የሚለውን መስመር መክፈት ነው። ራስበሪ ፓይ ላይ የሃርድዌሩ ሰዓት ከ15 ሰከንድ በላይ አይቆጥርም፤ 10 አድርጉት። ከርነሉ ራሱ ሲወድቅ ደግሞ ነባሪው ጠባይ እዚያው መቆም ነው፤ «ከርነል.ፓኒክ» የሚለውን ቅንብር 10 ካደረጋችሁት ከ10 ሰከንድ በኋላ ይነሳል። ዊንዶውስ ከሰማያዊ ስክሪን በኋላ በነባሪነት ራሱ ይነሳል፤ ያጠፋው ሰው ከሌለ መንካት አያስፈልግም።

ከተነሳ በኋላ

ለመመለስ ጊዜ ስጡት። ተራ ዴስክቶፕ ቶሎ ይመጣል፤ ብዙ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ግን ሜሞሪውን ፈትሾ ዲስኮቹን እስኪቆጥር ደቂቃዎች ይፈጃል። በኃይል የጠፋ ከሆነ የዲስክ ፍተሻም ይጨመራል። ገና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለተኛ ሪሴት መስጠት ፍተሻውን መሃል ላይ መቁረጥ ነው።

ሲገባላችሁ በእርግጥ እንደተነሳ አረጋግጡ፤ «አፕታይም» ወይም ታስክ ማኔጀር ላይ ያለው የቆይታ ሰዓት ከዜሮ መጀመር አለበት። ያልተነሳ ግን የተመለሰ ማሽን ችግሩን ይዞ ነው የተመለሰው።

ቀጥሎ ሎጉን ክፈቱ። ዊንዶውስ ላይ በኢቨንት ቪወር የሲስተም ክፍል ውስጥ ሦስት ቁጥሮችን ፈልጉ። 1074 አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም በሥርዓት እንዳዘዘ፣ ማን እንዳዘዘም ይናገራል። 6008 መዘጋቱ ያልተጠበቀ እንደነበር ይናገራል። 41 ማሽኑ ሳይዘጋ እንደተነሳ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስሙ «ከርነል-ፓወር» ስለሆነ ብዙ ሰው ፓወር ሳፕላይ ሊገዛ ይሮጣል። በኃይል ያጠፋችሁት እናንተው ከሆናችሁ ቁጥሩ መምጣቱ ግድ ነው። ምክንያቱን ከእሱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ ፈልጉ፤ የዲስክ ስህተት፣ የሜሞሪ እጥረት ወይም አዲስ የተጫነ ድራይቨር ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

ሊኑክስ ላይ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» ያለፈውን ክፍለ ጊዜ ሎግ ያሳያል። ባዶ ከመጣ ሎጉ የሚጻፈው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፤ «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚል ፎልደር ፍጠሩና አገልግሎቱን አድሱት፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል። ከዚያ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ በ«ዲኤፍ -ኤች» ተመልከቱ። 100 በመቶ የሞላ ዲስክ ያለው ማሽን ሪስታርት ስለተደረገ ብቻ አይድንም፤ ሎጉን ወይም የቆየ ባክአፑን ካላነሳችሁለት ዛሬ ማታ ያንኑ ይደግማል።